ለስንዴ የወደቀ

የሻው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት የወደቀው ሆን ብሎ ነው።

ሰባውን ካለፈ ቆይቷል። ስንት እንደሞላው ሲጠየቅ «እግሬን ጠይቁት» ይላል። ዕድሜ ማለት ለእሱ እግር ነው፤ እግር እስካለ ሰውም አለ። ቤቱ ከድብ ባሕር የመኪና መንገድ ወጣ ብሎ ካለው ተረተር ላይ ነው። መሬቱ ከቤቱ በታች ነው፤ ፍየል እንኳ ቆም ብላ አስባ የምትወርደው ተዳፋት። ያን ተዳፋት ቦራና ዳልቻ የሚላቸውን በሬዎቹን ጠምዶ፣ ባንድ እጁ እርፍ ባንድ እጁ ጅራፍ ይዞ ያርሰዋል። እኩዮቹ እርፉን ለልጅ አስረክበው ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ፣ እሱ ቀንበር ተሸክሞ ወንዙ ላይ በተጋደመው ግንድ ይሻገራል።

ምላሱም እንደ እግሩ አያርፍም ነበር። በትር ይዞ የሚያዘግም ሽማግሌ ካየ፣ «ምነው፣ እግርህን ማን ወሰደብህ?» ሳይል አያልፍም። የወንድሙ ሚስት አምሳል ወገቧን ታማ ውኃ መቅዳት ያቃታት ጊዜ እንኳ አልማራትም። «ውኃ የማትቀዳ ሚስትና ወተት የነጠፈባት ላም ምን ይለያቸዋል?» ብሎ ማኅበርተኛውን በሙሉ አሳቀ። የራሱ ሚስት ወለላም እዚያው ነበረች። ስትስቅ ያያት መሰለው፤ አላጣራም።

ነገሩ የተነሣው በኅዳር ነው። ከጎንደር የጤና ሰዎች እሑድ ይመጣሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌና አሮጊት እንዳይበተን ተባለ። ምን ሊያደርጉ እንደሚመጡ በቅጡ ያወቀ አልነበረም። ይህም ማንንም አላሳሰበ። በዚያ አገር ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ከመጣ ምን ሊሰጥ እንደመጣ ነው የሚጠየቀው። መዝጋቢ መጣ በተባለ ጊዜ የሰባው በሬ ወደ ሩቅ መስክ ይነዳል፣ ደህናው ጋቢ ከሣጥን ይገባል፣ ትናንት ሲፎክር የዋለ ጎልማሳ ዛሬ እየሳለ ይወጣል። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። እርዳታ ሲታደል ጠንካራ የተባለው ሰው ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ሲመለስ ስንት ጊዜ አይተዋል፤ ሰው ደግሞ የሚማረው ካየው ነው።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ወለላ እንደ ልማዷ ውኃ አሙቃ የባሏን እግር ልታጥብ ተቀመጠች። ከተጋቡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያ እግር በእሷ እጅ ያልታጠበበት ምሽት ጥቂት ነው።

«አያ የሻው» አለችው፣ «የነገዎቹ ሰዎች ለደካማ ስንዴና ዘይት ሊሰጡ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ። በእግር ነው አሉ የሚፈትኑት። የቆመ አያገኝም፤ የወደቀ ያገኛል።»

«እና እኔ ልወድቅ?»

«ምን አለበት? አንዲት ጊዜ ዘንበል ብትል ምን ይጎድልብሃል? አንተን ማን አያውቅህም!»

የሻው ተቆጣ። በእግሩ አይቀለድም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዋሽቶ ደግሞ የማንን ስንዴ ይበላል? ወለላ አልተቆጣችም። ያምናውን የጤፍ ማነስ አነሳች፤ የጎተራውን መጉደል አነሳች፤ የታችኛው ሰፈር ሰውዬ አንክሶ ሁለት ጆንያ ማግኘቱን አነሳች። ይህን ሁሉ ስትል ቀና ብላ አላየችውም። የግራ ተረከዙን ስታጥብ፣ ስታጥብ፣ አልጨርስ አለች።

«እንዳልሽ» አላት በመጨረሻ። «ላንቺ ስል እወድቃለሁ።»

በማግሥቱ ከወይራው ጥላ ሥር ወንበር ቀርቦ፣ መሬት ላይ ሲባጎ ተዘርግቶ ቆየ። የመጡት ሰዎች አለቃ ፀደንያ የምትባል ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ናት። ሽማግሌዎቹን እየጠራች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበሩ እንዲነሱና እንዲቀመጡ ታዛለች፤ ቀጥሎ በሲባጎው ላይ ተረከዝ ከጣት እያጋጠሙ ይራመዳሉ፤ በመጨረሻም ባንድ እግር ይቆማሉ። ያገሩ ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቶ አያውቅምና ከካቡ ላይ ተደርድሮ ይስቃል። ያገሩ ሽማግሌ ሁሉ በዚያ ቀን ድንገት ደካማ ሆነ። ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ያደረው እንኳ ከወንበር ለመነሳት «እመ አምላክ» ይላል።

የሻው ሲጠራ ከወንበሩ እንደ ጎረምሳ ብድግ አለ። ረስቶት ነው። ወለላ ከሴቶቹ መካከል ሆና ጉሮሮዋን ስትጠርግ ትዝ አለው። በሲባጎው ላይ ሲራመድ ወዲህና ወዲያ አለ።

«ጎበዝ አባባ» አለች ፀደንያ። «አሁን ባንድ እግርዎ ይቁሙልኝ። አይዞዎት፣ እኔ አጠገብዎ ነኝ።»

ባንድ እግር መቆም! ከማረሻው ጭቃ ለማራገፍ በየቀኑ በዳገት ላይ ባንድ እግሩ የሚቆም ሰው! ቀኙን አነሳ። ግራው መሬቱን ይዞ አልነቃነቅ አለው። መውደቅ ደግሞ ሙያ ኖሯል፤ ወድቆ የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚወደቅ አያውቅም። ዘንበል ልበል ብሎ ሲጀምር እጁን መዘርጋት ረሳና ሙሉ ቁመቱን በጎኑ ተዘረጋ። ፀደንያ ልትይዘው ስትል ጋቢው ብቻ እጇ ላይ ቀረ።

ሳቁ ቆመ። ጎረቤቱ አስናቀው ከካቡ ዘሎ ወርዶ ብብቱን ይዞ አነሳው። የነፍስ አባቱ አባ ተክለ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ወለላ ደግሞ ጮኸች።

«ኧረ የኔ ነገር! እንደ ለመደው እኮ ነው! በክረምትም ዳገቱ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተልጦ ነበር። ብድግ ሲል ዓይኑን ይጋርደዋል። መሬቱ ከሥሩ የሚሄድበት ይመስለዋል። ቤት ውስጥ ግድግዳ እየያዘ ነው የሚሄድ፤ ሰው እንዳያየው ብሎ ነው እንጂ!»

የሻው ጎኑን እያሻሸ አደነቃት። ውሸት እንዲህ ተዘርዝሮ፣ እንዲህ ሸጋ ሆኖ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። እንባዋ ሳይቀር እውነተኛ ነበር። ፀደንያ «እማማስ? እርስዎም ይሞክሩ እንጂ» ስትላት ግን፣ «እኔማ ድንጋይ ነኝ ልጄ፤ ጥጃ ፈትቼ ነው የመጣሁ» ብላ የቤተ ክርስቲያኑን ካብ በመዳፏ እየዳበሰች ሄደች።

«ስንዴውስ መቼ ነው?» አለ የሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የምን ስንዴ አባባ?»

«የወደቀ የሚያገኘው።»

ፀደንያ ግር አላት። «እኛ እኮ የመጣነው ሰው እንዳይወድቅ ነው» አለች። ከዚያ ምክሯን ቀጠለች። ባንድ እጁ በትር ይያዝ። ዳገት ብቻውን አይውጣ። ከባድ ነገር አይሸከም። ጠዋትና ማታ ግድግዳ ይዞ ከመቀመጫ መነሳትና መቀመጥ ይለማመድ፤ እግር በሥራ ይበረታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብቻውን እንዳይተዉት ብላ አስናቀውንና አባ ተክለ ጊዮርጊስን አደራ አለቻቸው። የሻው «ውሸቴን ነው» ሊላት አፉን ከፈተ። አፈሩ ገና ከልብሱ አልረገፈም። አፈረና ዘጋው።

ማታ ወለላን «ስንዴ የለም ብላለች» አላት። «እንግዲህ የሰማሁትን ነው የነገርኩህ» አለች። ሳቀ። ተሸወድን ብሎ ሳቀ፤ አብረው የተሸወዱ መስሎት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። ለአጨዳ ደቦ ሲወጣ ማጭዱን ከእጁ ተቀብለው ከነዶው ክምር አጠገብ አስቀመጡት። የሞተ ሰው ሊሸከም አልጋው ሥር ትከሻውን ሲያቀርብ፣ ቀስ አድርገው፣ በትሕትና ገፉት። አስናቀው ከወይራ የተጠረበ ሸጋ በትር ይዞለት መጣ። ግንዱን ሊሻገር ሲል ከወዲያም ከወዲህም ሰው ይሮጣል። «ያ'ኮ ለስንዴ ብየ ነው!» ይላል። ሰው ይሰማዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ልክ ነዎት አያ የሻው» ይለዋል፤ ዞር ሲል ግን «ምስኪን፣ ኩራቱ እኮ!» ይባባላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእሱ እውነት እያደር ደፈረሰ። ሌላውን ሽማግሌ የሰደበበት ስድብ ሁሉ እንኳ ተመልሶ አልመጣበትም፤ ማንም አልሰደበውም። ማዘናቸው ከስድብ ባሰበት።

እሱስ ቢሆን ይህን ሁሉ የቻለው አንድ ምስክር ስላለው ነው። ዓለም ቢያብድ ወለላ ታውቃለች። ይህን እያሰበ በትሩን ከበር ኋላ ወርውሮ፣ እርሻ እስኪደርስ ጠበቀ። እርሻ ሲደርስ፣ ከቦራና ከዳልቻ ኋላ ሲያዩት፣ ሁሉም አፉን ይይዛል።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ማረሻውን ባለ እጁ ዘንድ አስሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶት አገኘ። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ከመደቡ ራስ ተቀምጠዋል። አስናቀው ከአጠገባቸው ነው። ከአዘዞ መልእክት ሳትልክ የማትመጣው ልጁ እስከዳር ጫማዋን አውልቃ ከእሳቱ ዳር አለች። ጠላ ቀርቧል። የሻው ጠላው ላይ ዓይኑን ተከለ። በዚህ ቤት ጠላ ሲጠመቅ ሽታው አምልጦት አያውቅም፤ ይኸኛው ከአስናቀው ቤት ተጠምቆ የመጣ ነው።

«ግባ የሻው» አሉ አባ ተክለ ጊዮርጊስ። «ሁሉም በጊዜው ነው። አርሰህ አብልተሃል፣ ማንም አይወቅስህ። እንግዲህ መሬቱን አስናቀው የእኩል ይረሰው። በሬዎቹም እሱ ዘንድ ይዋሉ። እናንተ ልጃችሁ ዘንድ ሂዱና ዕረፉ።»

«ማን ነው የሚያርፈው?»

«አባየ» አለች እስከዳር፣ «ብቻህን ዳገት ላይ ወድቀህ ሳንደርስልህ ብትቀር እኔ ምን እሆናለሁ?»

«አልወደቅሁም! ለስንዴ ብየ ነው!»

«እንዲህ እንደምትል ነግረውኛል። አትፈር አባየ። ቤቱን እንደሚመችህ አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት። ደረጃ የለውም። ውኃው ከደጅ ነው። አልጋውንም ዝቅ አድርጌ አሠርቼዋለሁ። ከመስቀል ጀምሮ እኮ ሰው ሳላስገባበት እናንተን እየጠበቀ ነው!»

የሻው ማረሻውን እንደያዘ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስቀል።»

መስቀል ከኅዳር በፊት ነው። ይህን ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ መማር አያስፈልግም። እሱ ከወይራው ሥር ሳይወድቅ፣ ፀደንያ የምትባል ሰው መኖሯን ሳያውቅ፣ ለመውደቁ አልጋ ተሠርቶለት ነበር። «መውደቄን ማን ነገረሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። የእስከዳር ዓይን ሳታስበው ወደ እናቷ ሄዷል። ወለላ አጎንብሳ ጠላ ትቀዳለች፤ ዋንጫው ሞልቶ ይፈስሳል።

በጎኑ ላይ ያን ቀን ያልተሰማው ሕመም አሁን ተሰማው። ስንዴውም፣ እግር ማጠቡም፣ እንባውም አንድ ገመድ ነው፤ እሱ ደግሞ ራሱ አንገቱን ያስገባ በሬ።

መደቡ ላይ ወጣ። ከጠርዙ ላይ ቀኝ እግሩን አነሳ። ማረሻው በእጁ እንዳለ ቆመ። እስከዳር «ኧረ ትወድቃለህ!» ብላ ተነሳች፤ አባ ተክለ ጊዮርጊስ በእጃቸው ያዟት። ቆመ። ጠላ የያዘ ሳይጠጣ ቀረ። አስናቀው ጣራውን አየ፣ በሩን አየ፣ መሬቱን አየ። የሻው አልተነቃነቀም። ሁሉም ማየት እስኪሰለቻቸው፣ ከዚያም ማየት እስኪያሳፍራቸው ቆሞ ወረደ።

«አሁን ንገሪያቸው» አላት ሚስቱን። «ውደቅ ያለኝ ማን ነው?»

ወለላ የፈሰሰውን በእጇ ጠረገች።

«እኔ ምኑን አውቄ?»

«ወለላ!»

«ምን ብየ ነው ባሌን በሰው ፊት ውደቅ የምለው?» አለች። «ታሟል አልኳችሁ እኮ። የሚለውንም አያውቀው።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። የሻው ይህን ተረት ስንቱ ላይ ተርቷል። ዛሬ ግን ተረቱ እሱ ላይ ወጣ። ማረሻውን ከግድግዳው አስጠጋና ተቀመጠ። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ጺማቸውን እያሻሹ፣ «የሻው፣ እኔ የማውቀውን ሁሉ የምናገር ሰው አይደለሁም» አሉት። ያኔ እሳቸውም በነገሩ ውስጥ እንዳሉበት ገባው። የቀረ ሰው አልነበረም።

ሌሊቱን ጀርባውን ሰጥቷት አደረ። እግሩ ሳይታጠብ።

ሲነጋጋ ወለላ ጀሪካኗን አንስታ ወጣች። የሻው ትንሽ ቆይቶ ተከተላት። ቤት ውስጥ እስከዳር አለች፤ የሚናገረውን ሁለት ጆሮ ብቻ እንዲሰማው ፈለገ። ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ የሴት መንገድ ነው። ከብቱ የሚጠጣው ከወንዙ፣ ወንዱ የሚታጠበው ከወንዙ፤ ባለ ትዳር ወንድ እዚያ ቁልቁለት ምን ይሠራል? ተወልዶ ባደገበት አገር የሻው ያን መንገድ ከልጅነቱ ወዲህ ረግጦት አያውቅም። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ። የቀዳችው እሷ ናት፤ እሱ የጠጣ ነው።

ከእርከኑ ጫፍ ሲደርስ ከታች አያት። ሊጠራት አፉን ከፍቶ ተወው።

ወለላ እየሄደች አልነበረም። ተቀምጣ ነበር የምትወርደው። ባዶውን ጀሪካን ፊት ለፊቷ ትገፋለች፣ እጆቿን ከኋላዋ ትተክላለች፣ በቂጧ አንድ እርከን ትንሸራተታለች፣ ታርፋለች። ከምንጩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ዘንድ ስትደርስ በጉልበቷና በመዳፏ ዳኸች። ስትመለስ ይብሳል። ጀሪካኑን በገመድ ጀርባዋ ላይ አዝላ አንዲት ቁጥቋጦ ይዛ ተነሳች። የቁጥቋጦዋ ቅርንጫፍ ልጡ አልቆ፣ ከእጅ ብዛት እንደ እርፍ ለስልሷል። ሁለት እርምጃ ሄደች። ራሷን ነቀነቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በጎኗ ወደቀች። የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የቆሰለውን ነው። እሷ መጀመሪያ ያየችው ማን አየኝ ብላ ዙሪያዋን ነው።

ጉልበቱ ተልጦ ነበር። ብድግ ሲል ዓይኑን ይጋርደዋል። መሬቱ ከሥሩ የሚሄድበት ይመስለዋል። ከወይራው ሥር የሰማው ያ ሸጋ ውሸት ቃል በቃል ትዝ አለው። አንዱም ውሸት አልነበረም። የማን እንደሆነ ብቻ ነው የዋሸችው።

ወረደ። ስታየው ለመነሳት ሞከረች፤ ገመዱ ያዛት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካምና ክረምት።»

«አባ ተክለ ጊዮርጊስ ያውቃሉ።»

«ተናዝዤ ነው።»

«ልጅሽስ?»

«አንተ የታመምክ ነው የመሰላት። እንደዚያ ነው ያልኳት።» ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሳበች። «ለአስናቀውም እንደዚያ ነው ያልኩት።»

«እኔንስ ምነው አልነገርሽኝ? አርባ ዓመት ካንድ አልጋ ተኝተን እኔን ምነው?»

ወለላ ቀና ብላ አየችው። ከኅዳር ወዲህ ፊት ለፊት ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አምሳልን ምን ነበር ያልካት? ውኃ የማትቀዳ ሚስት ምን ናት ያልከው?»

የሻው ጎንበስ ብሎ የገመዱን ቋጠሮ ፈለገ።

«ደግሞ ብነግርህስ? የራስህ እግር ካልያዘህ ከዚህ ዳገት አትወርድም። በእኔ እግርማ መቼ ትሄድልኛለህ?»

እሄድ ነበር ሊላት ፈለገ። እውነት ይሁን አይሁን አላወቀውም፤ አለማወቁም ያንገበግበው ነበር። እሷ ግን ጠይቃው አታውቅም። ሳትጠይቀው መልሱን ሰጥታ፣ ቤት አሠርታ፣ በሬ አስረክባ፣ እሱን ሕዝብ ፊት መሬት ላይ ዘርግታ ጨረሰች።

«እናም አንቺ እንዳትወድቂ እኔን ጣልሽኝ።»

«ጣልኩህ» አለች ወለላ። «አንተ ወድቀህ ትነሳለህ ብየ ነው። እኔ ከወደቅሁ የሚያነሳኝ የለም።»

ገመዱን ፈታላት። ጀሪካኑን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገው። ውኃ የተሸከመ ወንድ ባገሩ ያየ የለም፤ የሻው ግድ አልሰጠውም። ክንዱን ዘረጋላት፤ ያዘችው፤ መውጣት ጀመሩ። ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ እግሩ ለአፍታ አመነታ። ከዚህ በፊት አመንትቶ አያውቅም። የማስመሰሉ ልማድ ይሁን እርጅናው ይሁን መለየት አቃተው። ይህንንም የሰጠችው እሷ ናት፤ መሬቱን እንዳያምነው አድርጋዋለች።

ከእርከኑ ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ አስናቀውና እስከዳር ከላይ ታዩ። ቦራና ዳልቻ ከአስናቀው ኋላ ናቸው፤ ሊወስዳቸው መጥቶ ነው።

«አያ የሻው! ኧረ ይተዉ፣ ይወድቃሉ!» ብሎ አስናቀው ቁልቁል ሮጠ። «ውኃ ያሸክሙዎታል እንዴ በዚህ ጤናዎ?»

«እማየ፣ ምነው ዝም አልሽው?» አለች እስከዳር።

የሻው ቆመና ሚስቱን አየ። አራት ቃል ይበቃ ነበር። እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ራሱ ሊለው ይችል ነበር፤ እንዳይለው ግን ነጠላዋ ሥር የተላጠው ጉልበቷ፣ ያ ዙሪያዋን ያየችበት ዓይኗ ከለከሉት። ከእሷ አፍ እንዲወጣ ጠበቀ። አስናቀው እየቀረበ ነው። ጠበቀ። ከክፉም ከደጉም በኋላ ይችን አንዲት ነገር ትመልስልኛለች ብሎ፣ እንደ ሕፃን፣ አፏን አፏን እያየ ጠበቀ።

ወለላ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ኧረ ተቀበለው አስናቀው» አለች። «እምቢ ብሎኝ ነው።»

ጀሪካኑን ከትከሻው አወረዱለት። እስከዳር በትሩን ከቤት ይዛለት መጥታ ነበር፤ እጁ ላይ አስጨበጠችው፤ ተቀበላት። በሬዎቹ ዞሩ። ወለላ ክንዱን እንደያዘች ቀሪውን ዳገት አብረው ወጡት። ከላይ ሆኖ ላያቸው ሰው ደግፋው ይመስል ነበር። ክብደቷ ሁሉ እሱ ላይ ነበር።